የቢሮ ኢሜይል ከሰርቨሩ ጋር አልገናኝ ሲል፦ መቋረጫውን የመለየትና የመጠገን መመሪያ

በባሕር ዳር ቢሮዎች በክረምት፣ በተለይም ሌሊቱን ነጎድጓድ ሲያጓራና መብራት ሲሄድ ሲመጣ ባደረ ማግስት፣ «ኢሜይሌ አልከፍት አለ» የሚል አቤቱታ ከየክፍሉ ይሰማል። አቤቱታው አንድ ይምሰል እንጂ ምክንያቱ የተነቀለ ኬብል፣ የተዛባ የኮምፒውተር ሰዓት፣ የተለወጠ የይለፍ ቃል ወይም ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር የጣለው እገዳ ሊሆን ስለሚችል፣ ትናንት አንዱን ቢሮ ያዳነው መፍትሔ ዛሬ ሌላውን ላይረዳው ይችላል። ስለዚህ ማናቸውንም ነገር ከመነካካት በፊት መስመሩ የት ላይ እንደተቆረጠ ማወቅ ይገባል። ይህ መመሪያ የተጻፈው አውትሉክ ወይም ተንደርበርድ የተባሉትን የኢሜይል ፕሮግራሞች እየተጠቀሙ የራሳቸው የአይቲ ባለሙያ ለሌላቸው አነስተኛ ቢሮዎች፣ ለምሳሌ በሐይቁ ዳርቻ ላሉ ሎጆችና አስጎብኚ ድርጅቶች፣ እንዲሁም በከተማው ሕንፃዎች ላይ ክፍል ተከራይተው ለሚሠሩ የሂሳብና የጥብቅና ቢሮዎች ነው።

በቅድሚያ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ኢሜይሉ እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚያደርገው አካውንቱን ከፕሮግራሙ ሰርዞ እንደ አዲስ መሙላት ነው። አካውንቱ ከሁለቱ የመልእክት መቀበያ መንገዶች በአንዱ፣ በአይማፕ፣ የተሞላ ከሆነ መልእክቶቹ ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጡ ጉዳቱ ጊዜ ማባከን ብቻ ነው፤ በሌላው፣ በፖፕ፣ የተሞላ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ መልእክቶቹን ወደ ኮምፒውተሩ ካወረደ በኋላ ከሰርቨሩ ላይ አጥፍቷቸው ሊሆን ስለሚችል፣ አካውንቱን ከነፋይሉ መሰረዝ የብዙ ዓመት ደብዳቤዎችን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በእኔ ግምት አካውንት መሰረዝ የመጨረሻ እርምጃ ነው፤ ያውም የመልእክት ፋይሉ በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ ላይ ከተገለበጠ በኋላ።

መቋረጫውን ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አንደኛው፣ ችግሩ የአንድ ሰው ብቻ ነው ወይስ የቢሮው ሁሉ? ሁለተኛው፣ ኢሜይሉ እምቢ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብራውዘር ተከፍቶ ሌላ ድረ ገጽ ይመጣል ወይስ አይመጣም? ሦስተኛው፣ ያው አካውንት በስልክ ላይ፣ ዋይፋዩ ጠፍቶ በሞባይል ዳታ ብቻ ሲሞከር ይከፈታል? ለሦስተኛው ጥያቄ የስልክን ሆትስፖት ከፍቶ ያንኑ ኮምፒውተር በእርሱ በኩል ማገናኘት ይበልጥ ይመረጣል፤ ኮምፒውተሩና ፕሮግራሙ ሳይለወጡ መንገዱ ብቻ ስለሚለወጥ ውጤቱ ለጥርጥር ቦታ አይተውም። በሆትስፖት ከሠራ ጥፋቱ ያለው በቢሮው ኔትወርክ ወይም በኢንተርኔት መስመሩ ላይ ነው፣ አለዚያም ሰርቨሩ የቢሮውን የውጭ አድራሻ አግዷል፤ በሆትስፖትም እምቢ ካለ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ወደ አካውንቱ ወይም ወደ ሰርቨሩ መሄድ ይገባል።

አውትሉክ የሚያወጣው የስሕተት ቁጥርም ሳይነበብ መዘጋት የለበትም። «0ኤክስ800ሲሲሲ» ብሎ የሚጀምረው ረጅም ቁጥር መጨረሻው «0ዲ» ከሆነ የሰርቨሩ ስም አልተገኘም ማለት ነው፤ «0ኢ» ከሆነ ስሙ ቢገኝም ወደ ሰርቨሩ መግባት አልተቻለም፤ «0ኤፍ» ከሆነ ግንኙነቱ ከተጀመረ በኋላ ተቋርጧል፤ «19» ከሆነ መልስ ሲጠበቅ ጊዜው አልፏል፤ «92» ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ ጋር ተደርሶ የተጠቃሚ ስሙን ወይም የይለፍ ቃሉን አልቀበልም ብሏል። ይህን የመጨረሻውን ያየ ሰው ኬብል እየነቀለ መሰካት አያስፈልገውም።

ሁሉም ኮምፒውተር ኢንተርኔት ሲያጣ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ዕቃ በአንድ ዲቫይደር ላይ ስለሚሰካ ሞደሙ፣ ራውተሩ፣ ስዊቹና ኮምፒውተሮቹ በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ፤ ራውተሩ ዝግጁ ሳይሆን የተነሣ ኮምፒውተርም አድራሻ የሚሰጠው ያጣል። መፍትሔው ሁሉንም አጥፍቶ በቅደም ተከተል ማብራት ነው፦ በመጀመሪያ ሞደሙ በርቶ መብራቶቹ እስኪረጉ ይጠበቃል፣ ቀጥሎ ራውተሩ፣ ከዚያም ስዊቹ፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሮቹ ይበራሉ። በፋይበር በሚሠራ ሞደም ላይ «ሎስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ቀይ ሆኖ ከቀጠለ የብርሃን ምልክቱ ከውጭ አልደረሰም ማለት ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ ቢሮ ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም፤ ፋይበሩ ግድግዳው ላይ አለመታጠፉንና አለመነቀሉን ካዩ በኋላ አገልግሎት ሰጪውን መጥራት ነው።

የሞደሙ መብራት ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ ካልተገናኘ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ኮምፒውተሩ የያዘውን አድራሻ ይመልከቱ። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ስላጣ ለራሱ የሰጠው ነው፤ ከኬብሉ፣ ከስዊቹ ወይም ከራውተሩ አንዱ አልሠራም። አድራሻው ደህና መስሎ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነስ? ለምሳሌ የቢሮው ኮምፒውተሮች በሙሉ በ192.168.1 ሲጀምሩ የአንዱ በ192.168.0 ቢጀምር፣ አንድ ሰው ዋይፋይ ለማጠናከር ብሎ ሁለተኛ ራውተር ከቤቱ አምጥቶ ስዊቹ ላይ ሰክቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ ማደል ሲጀምሩ የገሚሱ ሠራተኛ ኢሜይል ይሠራል፣ የገሚሱ አይሠራም፤ ማን እንደሚሠራለትም በየጠዋቱ ይለዋወጣል። የሁለተኛውን ራውተር አድራሻ አዳይ፣ ማለትም ዲኤችሲፒውን፣ መዝጋት ወይም ራውተሩን መንቀል ችግሩን ያስወግደዋል።

በሐይቁ ዳርቻ ባሉ ሰፋፊ ግቢዎች ሌላም ነገር ይታያል። እንግዳ መቀበያው ከበሩ አጠገብ፣ የሂሳብ ክፍሉ ደግሞ ከዛፎቹ ወዲያ ሲሆን በመካከሉ አንድ ረጅም የኔትወርክ ኬብል በዛፍና በጣሪያ ላይ ተጎትቶ ይገኛል። የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ደረጃ የሚፈቅደው ርዝመት 100 ሜትር ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ግንኙነቱ ይኖራል ግን ይንተባተባል፣ ድረ ገጹ እየዘገየም ቢሆን ሲከፈት ኢሜይሉ «ጊዜው አልፏል» እያለ ይመለሳል። በዚያ ላይ ከቤት ውጭ የተዘረጋ መዳብ መብረቅ በአቅራቢያው ሲወድቅ የሚፈጠረውን ኃይል ተሸክሞ ስዊቹን ሊያቃጥል ይችላል። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ፋይበር መዘርጋት መጀመሪያ ላይ ውድ ቢመስልም የሐምሌንና የነሐሴን መብረቅ ለሚያውቅ ሰው ክርክር የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም።

ኢንተርኔቱ እየሠራ ኢሜይሉ ብቻ ሲከለከል

ድረ ገጽ እየተከፈተ ኢሜይሉ ብቻ ካልገባ በመጀመሪያ የሰርቨሩ ስም ወደ አድራሻ መተርጎሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «ኤንኤስሉክአፕ» የሚለው ትእዛዝ የሰርቨሩ ስም ተጨምሮበት ሲጻፍ የቁጥር አድራሻ ከመለሰ ይህ ክፍል ደህና ነው። ካልመለሰ በኔትወርክ ቅንብሩ ላይ ዲኤንኤሱን፣ ማለትም ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን፣ ለጊዜው 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አድርጎ መሞከር ይቻላል፤ ሆኖም የኢሜይል ሰርቨሩ በራሱ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚገኝ ከሆነ የውጭ ዲኤንኤስ ስሙን ላያውቀው ስለሚችል ይህን ማድረግ ነገሩን ያባብሳል። ስሙ ከየትም ቦታ፣ በሞባይል ዳታም ጭምር፣ የማይገኝ ከሆነ የድርጅቱ የዶሜን ስም ዓመታዊ ክፍያ አልፎበት እንደሆነ ይጠይቁ። ድረ ገጹም ኢሜይሉም በአንድ ቀን አብረው ከጠፉ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ፖርቱ፣ ማለትም ኢሜይሉ በሰርቨሩ ላይ የሚገባበትና የሚወጣበት ባለ ቁጥር በር፣ ይፈተሻል። ገቢ መልእክት በአይማፕ ሲሆን በ993፣ በፖፕ ሲሆን በ995 ይመጣል፤ ወጪው በ465 ወይም በ587 ይሄዳል። 143፣ 110 እና 25 የቀድሞዎቹ ናቸው፤ በቆየ ኮምፒውተር ላይ አሁንም ተሞልተው ካዩ ይቀይሯቸው። ከ993፣ ከ995 እና ከ465 ጋር የሚመረጠው ምስጠራ «ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ» የሚለው ሲሆን፣ ከ587 ጋር ደግሞ «ስታርትቲኤልኤስ» ነው፤ ሁለቱ ከተቀያየሩ ፕሮግራሙ ብዙ ከቆየ በኋላ ግንኙነት አልተገኘም ይላል። ፖርቱ ከቢሮው ወደ ውጭ ክፍት መሆኑን ለማወቅ ፓወርሼል ተከፍቶ «ቴስት-ኔትኮኔክሽን» በሚለው ትእዛዝ የሰርቨሩ ስምና የፖርቱ ቁጥር ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ «ትሩ» ካለ መንገዱ ክፍት ነው፣ «ፎልስ» ካለ በመካከል የሚያግድ አለ። የሚያግደው የኮምፒውተሩ ፋየርዎል፣ ራውተሩ ወይም ሰርቨሩ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ሰርቨሩ ራሱ የሚያግድበት ሁኔታ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በአንድ ቢሮ ያሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ ወደ ኢንተርኔት የሚወጡት በራውተሩ አንድ የውጭ አድራሻ ስለሆነ፣ ሩቅ ያለው ሰርቨር አሥሩንም ሠራተኛ እንደ አንድ ሰው ያያቸዋል። አንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ኮምፒውተሩ ላይ ለውጦ ስልኩ ላይ ሳይለውጥ ቢቀር፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ በየጥቂት ደቂቃው አሮጌውን የይለፍ ቃል ይዞ ሰርቨሩን ያንኳኳል። ብዙ የኢሜይል ሰርቨሮች የይለፍ ቃል ተደጋግሞ ሲሳሳት ሙከራው የመጣበትን አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ እንዲያግዱ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ በሩ በዚያ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን በመላው ቢሮ ላይ ይዘጋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ድረ ገጽ ሁሉ ይከፈታል፤ በቢሮው መስመር የማንም ኢሜይል አይገባም፤ በሞባይል ዳታ ግን የሁሉም ይገባል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላም ያለማንም ጥገና ሊመለስና ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት አዲስ የውጭ አድራሻ ካስገኘ ለጊዜው ያስታግሳል፤ በዚህ የተነሣም ብዙዎች «ራውተሩ ነው የተበላሸው» ብለው አዲስ ይገዛሉ። ትክክለኛው እርምጃ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው እገዳውን እንዲያነሣ መጠየቅና ከዚያ በፊት ጥፋተኛውን ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ነው። ለዚህም በቅርቡ የይለፍ ቃል የለወጠ ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ማንም ከሌለ የሁሉንም ስልክ ከቢሮው ዋይፋይ አውጥተው አንድ በአንድ እየመለሱ ይዩ። በመጋዘን የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕና ደብዳቤ በኢሜይል እንዲልክ የተደረገ የስካነር ማሽንም አይዘንጉ።

አንቲቫይረስም በዚህ ክፍል ይጠቀሳል። አንዳንዶቹ ኢሜይሉን ለመፈተሽ በፕሮግራሙና በሰርቨሩ መካከል ገብተው የራሳቸውን ሰርተፍኬት፣ ማለትም የማንነት ማረጋገጫ፣ ያቀርባሉ፤ ተንደርበርድ ደግሞ የሚያምናቸውን ሰርተፍኬቶች ዝርዝር ለብቻው ስለሚይዝ አላውቀውም ብሎ ይቆማል። የአንቲቫይረሱን የኢሜይል ፍተሻ ብቻ ለጊዜው አጥፍቶ መሞከር ይበቃል፤ አንቲቫይረሱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም።

የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን

በአገራችን ልዩ ትኩረት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፍኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ገደብ አለው፤ ለምሳሌ «ሌትስ ኢንክሪፕት» የተባለው ነፃ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ሲያወጣቸው የቆዩት ሰርተፍኬቶች ዕድሜያቸው 90 ቀን ነው። ኮምፒውተሩ ገደቡን የሚያመዛዝነው ከራሱ ቀን ጋር በመሆኑ፣ አንድ ሠራተኛ ቀኑን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሞልቶት ከሆነ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀርና ሰርተፍኬቱን «ገና አልተጀመረም» ብሎ ይጥለዋል። የእናት ሰሌዳው ትንሽ ባትሪ ሲያልቅም እንዲሁ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ጥንት ይመለሳል። ባትሪው ብዙውን ጊዜ 2032 የሚል ቁጥር ያለበት ክብ ባትሪ ሲሆን ዋጋው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀን እንዲሞላ በየጠዋቱ የሚጠይቅ ከሆነ መለወጥ አለበት።

ሰዓቱም ከቀኑ አይተናነስም። የጠዋቱን 3 ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ 3 ሰዓት ብሎ የሚሞላ ሰው ኮምፒውተሩን በስድስት ሰዓት ያዘገየዋል፤ ለኮምፒውተሩ ያ ጊዜ 9 ሰዓት ነው። መልእክቶች በተዛባ ሰዓት ይደረደራሉ፤ መግቢያውን በመሥሪያ ቤቱ የዊንዶውስ ሰርቨር በኩል የሚያረጋግጥ ቢሮ ከሆነማ፣ ሥርዓቱ ሳይስተካከል በተተወበት ሁኔታ የሚታገሠው የሰዓት ልዩነት 5 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ መግባቱ ራሱ ይከለከላል። ሰዓቱን በእጅ ከመሙላት ይልቅ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ በሚለው፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት በሚቀድመው ላይ አድርጎ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲወስድ መፍቀድ ይገባል። የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት ማየት የሚፈልግ ሠራተኛ የግድግዳ ካላንደር ወይም የስልክ አፕሊኬሽን ይጠቀም፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት ግን ለኮምፒውተሩ ይተው።

የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አልቀበልም ሲል

የይለፍ ቃሉን በብራውዘር ሲሞሉት እየገባ በአውትሉክ ወይም በተንደርበርድ ብቻ የሚከለክል ከሆነ ብዙውን ጊዜ አገልግሎቱ አሮጌውን የመግቢያ መንገድ ዘግቶታል ማለት ነው። ጎግል ለግል የጂሜይል አካውንቶች በስምና በይለፍ ቃል ብቻ መግባትን ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ አቁሟል፤ ማይክሮሶፍትም ለድርጅቶች በሚሰጠው አገልግሎት ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየዘጋው መጥቶ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ለግል የአውትሉክ አካውንቶችም ዘግቶታል። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች የአገልግሎቱን የመግቢያ ገጽ ራሳቸው ከፍተው ፈቃድ ስለሚጠይቁ ችግር የለባቸውም። አውትሉክ 2010 ግን ይህን አዲስ መንገድ ስለማያውቅ ለማይክሮሶፍት አካውንቶች የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም፤ ፕሮግራሙን ማደስ ወይም ወደ ተንደርበርድ መዞር ነው። ለጂሜይል አንድ መውጫ አለ፦ በአካውንቱ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከተከፈተ በኋላ ባለ 16 ፊደል የአፕሊኬሽን የይለፍ ቃል ማውጣት ይቻላል፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚሞላው እርሱ ነው። ዋናው የይለፍ ቃል ሲለወጥ ይህኛው እንደሚሻር ግን መታወቅ አለበት።

ዊንዶውስ 7 በሚሠሩ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ይኖራል። የምስጠራ ሥርዓቱ የቲኤልኤስ እትሞች 1.0 እና 1.1 ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ የተሻሩ በመሆናቸው ብዙ ሰርቨሮች 1.2 ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ አያናግሩም፤ በዊንዶውስ 7 ላይ ያለ አውትሉክ ደግሞ ተጨማሪ ማሻሻያ ካልተጫነለት 1.2ን አይጠቀምም።

መቀበል እየተቻለ መላክ ሲያቅት

ገቢው ደህና ሆኖ ወጪው ብቻ ከተከለከለ የወጪ ሰርቨሩ ቅንብር ላይ «ሰርቨሬ ማረጋገጫ ይፈልጋል» የሚለው ምልክት መደረጉንና ፖርቱ 25 አለመሆኑን ይመልከቱ፤ 25ን ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች የቆሻሻ መልእክትን ለመከላከል ይዘጉታል።

አጭር ደብዳቤ እየሄደ ፎቶ የተያያዘበት ብቻ «በመላክ ላይ» እያለ ከቀረ ነገሩ የመጠን ነው። ጂሜይል የሚፈቅደው 25 ሜጋባይት ሲሆን ፋይል ከኢሜይል ጋር ሲያያዝ መጠኑ በሲሶ ያህል ስለሚጨምር 20 ሜጋባይት የሚመዝን የጢስ ዓባይ ፎቶ ስብስብ ከገደቡ ያልፋል። ፋይሉ ትንሽ ሆኖም ከተንጠለጠለ መስመሩ የሚያሳልፈውን የጥቅል መጠን መፈተሽ ያሻል። በ«ፒንግ» ትእዛዝ፣ ጥቅሉ እንዳይከፈል የሚያደርገው ምርጫ ተጨምሮ፣ የ1472 ባይት ጥቅል ይላካል፤ እርሱ ሳያልፍ ቀርቶ የ1464ቱ ካለፈ መስመሩ ፒፒፒኦኢ በሚባለው አሠራር የሚሄድ ነውና በራውተሩ ላይ ኤምቲዩ የተባለውን ቁጥር 1492 ያድርጉት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ አገልግሎት ሰጪውን መጥራት ግድ ከሆነ «ኢሜይል አይሠራም» ከማለት ይልቅ የስሕተት መልእክቱን ፎቶ፣ በሆትስፖት ተሞክሮ የተገኘውን ውጤት፣ የፖርት ፈተናውን መልስና የቢሮውን የውጭ አድራሻ አዘጋጅቶ መቅረብ መልሱን ያፈጥናል። ችግሩ የደረሰበትን ሰዓት ሲጽፉ ባለሙያው የሰርቨሩን መዝገብ የሚፈልገው በዚያ ሰዓት ስለሆነ በሁለቱም አቆጣጠር ያስፍሩት፤ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ከሆነ 14:20 የሚለውንና የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት እንደሚቀድም አብረው ይጻፉ።